ዓይኔን ጨፍኜ ያነበብሁት አዋጅ

ኅዳር ፪ ቀን፣ ሰኞ፤ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት

ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ። ጉልበቴ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አስቆመኝ። ሰው እንዳይታዘበኝ የጫማዬን ክር የማስር መሰልሁ። ጣቴ ከብርዱ የተነሣ ብዕር አልጨብጥ አለ፤ በሻይ ብርጭቆ አሞቅሁት።

የጓሮ ክፍል ተከራዬ መጣች። መ/ርት ሐያት። ደብተሬ፣ ስለ እርሷ ጽፌብህ አላውቅም። ወሎዬ ናት፤ እዚህ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች። ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። በሯን በዝግታ የምትዘጋ፣ ሰላምታ ሳትሰጥ የማታልፍ ልጅ ናት።

ጉዳይዋ ይህ ነው፦ ተማሪዎቿ የዋና ከተማይቱን ቻርተር እየተማሩ ነው። አ.አ. ራሷን በራሷ እንድታስተዳድር ሥልጣን የሰጠውን አዋጅ። ያን አዋጅ ገና በረቂቅነቱ ያረመ ሰው ከበሯ ፊት ለፊት እንደሚኖር ከጎረቤት ሰማች። መጥተው ይናገሩልኝ ትላለች።

"አባባ፣ እርስዎ የሠሩትን አዋጅ እርስዎ ግቢ ተቀምጬ ከመጽሐፍ ሳስተምር አላፍርም?"

አልሠራሁትም አልኋት። የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እኔ አንባቢ ነበርሁ። እርሱም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም።

እሺ አልሁ። ለክብሬ ስል ትንሽ ልዘገይ ይገባኝ ነበር። ግን ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ነገር ንገረን ብሎ ደጄን የቆረቆረ ሰው አልነበረም።

ቀጠሮ፦ ኅዳር ፲፰፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ ፰ ሰዓት። ሱፌን ፀሐይ ላይ ማስጣት አለብኝ።

ኅዳር ፬ ቀን፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ሐያት የአዋጁን ቅጂ ይዛ መጣች። ምን ያህል እንደማስታውስ ለማወቅ ፈልጋለች፤ በጨዋነት አልተናገረችውም። ወረቀቱን አንቺ ያዢው አልኋት። ዓይኔን ጨፈንሁ። ከመግቢያው ጀመርሁ። አንቀጽ በአንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ በቃሌ ወጣሁት። አንድ ቦታ ብቻ "እና" ያለውን "ወይም" አልሁ፤ ራሴው ተመልሼ አረምሁት።

ዓይኔን ስገልጥ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"አባባ፣ ነጋሪት ጋዜጣው እርስዎ ነዎት እንዴ? እኛ በከንቱ ነው የምናትመው።"

ሣቅሁ። ከሣቅሁ ቆይቼ ነበር።

የኔታ ዘንድ መጽሐፍ ላይ ዓይኑን ጥሎ የሚያነብ ልጅ ገና ያልተማረ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ የወጣው ብቻ ተማሪ ይባላል። ይህን ያስተማረኝ አለንጋ ነው፤ አላማርርም። በስድሳ ዓመት ውስጥ ያጠናሁት አንድ ቃል ከእኔ አልጠፋም።

ከዚያ ጠየቀችኝ። በረቂቁ ኖሮ በአዋጁ ያልወጣ ነገር ነበር ወይ?

ዝም ማለት እችል ነበር። ተናገርሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ በመጨረሻው ቀን በእጅ ጽሑፍ የገባ። "ማንኛውም የከተማይቱ ነዋሪ በምክር ቤቱ ጉባኤ ተገኝቶ፣ ቆሞ የመናገር መብት አለው።" ሲታረም ቀረ።

እንዴት ቀረ አለች። አመሳካሪው፣ እኔ ሳነብ ቅጂውን የሚከተለው ሰው፣ እንቅልፍ ወስዶት አልሁ። እንዲሁ በቀላሉ። ለብዙ ዓመት ያልሁት ስለሆነ ምላሴ መንገዱን ያውቀዋል።

ከንፈሯን መጠጠች። ምስኪን አለች። በሕይወት አለ? አማኑኤል ከተማ ነው፣ አልሁ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ዓይኗ በራ። እንግዲያው ሁለታችሁም መጥታችሁ ተናገሩልኝ፤ ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ይገኛል፤ አንድ ሕግ በአንድ ሰው እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይስሙ፣ አለች።

አስባለሁ አልኋት። ሄደች። ሻዩን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ኅዳር ፯ ቀን፣ ቅዳሜ፤ ከጠዋቱ ፬ ሰዓት

ቢሻው። ስሙን በዚህ ደብተር ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከአንድ ቅኔ ቤት ወጣን። አንድ ደበሎ ለብሰናል፤ ከአንድ ደጅ ቁራሽ ለምነናል። በኋላ የመንግሥት ት/ቤት ገባን፤ አብረን አ.አ. ሄድን፤ አዋጅ በሚረቀቅበት አንድ መ/ቤት አብረን ተቀጠርን። ሥራችን የሁለት ሰው ሥራ ነበር። አንዱ ረቂቁን ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው በታይፕ የተመታውን ቅጂ ይዞ በጣቱ ይከተላል። ሲያልቅ አንዱ "አነበብሁ"፣ ሌላው "አመሳከርሁ" ብሎ ከግርጌው ይፈርማል። ድምፅ የእኔ ይሻል ነበር። ስለዚህ አንባቢው እኔ፣ አመሳካሪው ቢሻው።

ያ ዐረፍተ ነገር የእርሱ ነበር። ደብተሬ፣ ይህን ለሐያት አልነገርኋትም። ሻይ ሊያቀርብና ወረቀት ሊሰበስብ አዋጁን የሚያረቅቀው ኮሚቴ ክፍል ገብቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። በእኛ አገር ከቅዳሴ በኋላ ሰበካው በቅጥሩ ውስጥ ሲሰበሰብ፣ በትሩን ተደግፎ የተነሣ ሁሉ ይናገራል፤ የሚሰማው ቢያጣ እንኳ ተቀመጥ የሚለው የለም፤ ከተማ ራሱን ያስተዳድር ከተባለ ከዚህ የሚያንስ ነገር እንዴት ይሆናል፣ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሣቁ። ቆይተው አሰቡ። ቆይተው በገዛ እጃቸው በረቂቁ ጥግ ጻፉት። ቢ. ያን ቀን እራት አልበላም። ደስታው አጥግቦታል።

ቃሉ ከታተመው አዋጅ ሲጠፋ ሰብሳቢው ተቈጡ። የተጠየቅነው ሁለታችን ነን። ቢ. ከአመሳካሪነት ተነሥቶ መዝገብ ቤት ተላከ፤ የጥፋቱ ደብዳቤም በሰሌዳ ላይ ተለጠፈበት። ዓመት አልቆየም፤ ለቅቆ ወደ አማኑኤል ተመለሰ። ከወረዳው ፍ/ቤት በር ላይ በርጩማ አኑሮ ለባላገር አቤቱታ ሲጽፍ ኖረ። እኔ በዚያው ቦታዬ ጡረታ ወጣሁ። አልተጣላንም። መጻጻፉን ብቻ ተውነው።

ዛሬ ደወልሁ። ቁጥሩን ያገኘሁት ከአማኑኤል ከመጣ የእህል ነጋዴ ነው። ያነሣችው ልጁ ጥሩወርቅ ናት። ስሜን ስነግራት፣ "ጋሼ ልሳነወርቅ? እውነት እርስዎ ነዎት? አባቴ ስምዎን ሳያነሣ የዋለበት ቀን የለም" አለችኝ።

ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ ነው። ይምጡ አለች። ትምህርቱን አላነሣሁም።

ኅዳር ፱ ቀን፣ ሰኞ፤ ከቀኑ ፲ ሰዓት

ከአማኑኤል አሁን ገባሁ። ካፖርቴን አላወለቅሁም።

መንገዱ ሰላም ነበር። ገበሬው ጤፉን እያጨደ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ አልቀመጥም አልሁ፤ በኋላ ተቀመጥሁ።

ቢሻው መስኮቱ አጠገብ ተኝቷል። ፊቱ አንሷል፤ ጆሮው ብቻ የቀድሞው ነው። ዓይኑ ሞራ ሸፍኖታል። "ጤና ይስጥልኝ" ስል ድምፄን ለየው።

"ልሳኑ! ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ለከተማ ራሱን ማስተዳደር አርመን ሰጠንና፣ እኔ ይኸውልህ ሁለት እግር ማስተዳደር አቃተኝ።"

ጥሩወርቅ ትራሱን እያስተካከለች፣ "ተዉት ጋሼ፣ ሐኪሙንም እንዲህ እያለ ነው ያባረረው" አለች።

ባለቤቴን ጠየቀኝ። ማረፏን ነገርሁት። የእርሱም ሚስት ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ስለ የኔታ አለንጋ አወራን። ሣቀ። ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ልጁን ወደ ጓዳ ሰደዳትና እጄን ፈለገ፤ ሰጠሁት።

ይህን እንዳለ እጽፈዋለሁ። ሳይመቸኝም እጽፈዋለሁ።

"ልሳኑ፣ ያን ቀን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም ነበር። አንተ ታነባለህ፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። የገዛ ቃሌን፣ የለመንሁትን ቃል፣ ሳላውቀው አለፍሁ። እኔስ ይሁን። ያንተ ስም ግን ከእኔ ስም ጋር ሰሌዳ ላይ ወጣ። ያ ነው የሚከነክነኝ። ሳልሞት ይቅር በለኝ።"

ደብተሬ፣ በዚያች ሰዓት አፌ ሌላ ነገር ለመናገር ተከፍቶ ነበር። እምልልሃለሁ። የወጣው ግን፣ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" የሚል ሆነ።

ዓይኑን ጨፈነ። እፎይ አለ። እጄን አልለቀቀም።

ጥሩወርቅ እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። መንገድ ላይ ቆመችና፣ ይቅርታ እኔም ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር አለች። ስለ ምን? አዋጁ በታረመበት ሳምንት በኩፍኝ የታመመችው ሕፃን እርሷ ናት። ሦስቱን ሌሊት በትከሻው ይዟት ነው ያደረው። እናቷ ችግሩ ሲጠናባት፣ "ከአዲስ አበባ ያስወጣሽን አንቺ ነሽ" ትላት ነበር። ልጅ ሆና ያመነችውን ነገር ካደገችም በኋላ መተው አቃታት።

"እሱ ግን አንድ ቀን አላለኝም። አንድ ቀን እንኳ።"

ተሳፈርሁ። በመስኮት እጇን አውለበለበች።

ኅዳር ፲ ቀን፣ ማክሰኞ፤ ከጠዋቱ ፪ ሰዓት

ቤ/ክ አልሄድሁም። ሻይ አልፈላም።

እውነቱ ይህ ነው። ያን ቀን ረቂቁን አላነበብሁም።

ያ ቃል በእጅ ጽሑፍ የገባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢ. ነግሮኛል፤ ገጹንም አሳይቶኛል። እኔ ግን ረቂቁን ከሐሙስ ጀምሮ በቃሌ ይዤው ነበር። ታይፒስቷም የመታችው የሐሙሱን ገጽ ነበር። ቅዳሜ ለማመሳከር ስንቀመጥ የዓርቡ ረቂቅ በእጄ ነው። ታይፒስቶቹ ሥራ ጨርሰው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እኔም ረቂቁን ጉልበቴ ላይ አኑሬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ከመግቢያው እስከ ማሰሪያው በቃሌ ወጣሁት። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ቢሻው ቅጂውን በጣቱ ተከተለ፤ ቅጂውም እኔም የሐሙሱን ነበርን፤ አንድ ፊደል አልተለያየንም። አነበብሁ ብዬ ፈረምሁ። አመሳከርሁ ብሎ ፈረመ።

ጥፋቱ ሲመረመር ሰብሳቢው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከረቂቁ ላይ ነው ያነበብኸው? አዎን አልሁ። ሁለት ጊዜ አልጠየቁኝም፤ የቤተ ክህነት ተማሪ አይዋሽም ብለው ያምኑኝ ነበር። እንግዲያውስ የጠፋው በተከታዩ ጣት ነው አሉ። ቢሻው አልተከራከረም። ድካሙን ያውቃል፤ እኔንም ያውቀኛል። ልሳኑ አንብቤአለሁ ካለ አንብቧል።

ያ ቃል ቢገባ ኖሮ ሕግ አውጪው ም/ቤት ያጸድቀው ነበር ወይስ ይሰርዘው ነበር? አላውቅም። ለብዙ ዓመት በዚህ ጥያቄ ተጽናናሁ። ለጥሩወርቅ ግን ጥያቄው ይህ አይደለም።

ትላንት የእኔን ኃጢአት እርሱ ተናዘዘ፤ ይቅርታ ሰጪው እኔ ሆንሁ።

እመለሳለሁ። ሐሙስ ከሚካኤል ቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ።

ኅዳር ፲፫ ቀን፣ ዓርብ፤ ከቀኑ ፱ ሰዓት

አልሄድሁም። ከረቡዕ ጀምሮ መንገዱ ዝግ ነው። መናኸሪያው ባዶ፤ ባጃጅ እንኳ የለም። ስልኩም አልፎ አልፎ ነው የሚሠራው። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ትላንት መንገድ የለም ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይህን እጽፋለሁ፤ ደስ አለኝ። ከዘራዬን እያወዛወዝሁ እንደ ወጣት ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እቤት ስደርስ አፈርሁ።

ሐያት ሱፌን አይታ አመሰገነች። ያ ጓደኛዎ ይመጣል ወይ አለች። ታሟል አልሁ። አዘነች። ያን ታሪክ ለተማሪዎቿ አስቀድማ እንደ ነገረቻቸው አጫወተችኝ። ስለተኛው አመሳካሪ ሰምተው ሣቁ አለች።

ሣቁ።

ኅዳር ፲፭ ቀን፣ እሑድ፤ ከጠዋቱ ፭ ሰዓት

ጾመ ነቢያት ገባ። መንገዱ ትላንት ከሰዓት ተከፍቷል።

ዛሬ ሰንበት ነው፤ ነገ እሄዳለሁ። ነገ ደግሞ የረቡዕን ንግግር ማዘጋጀት አለብኝ። ደብተሬ፣ ሰበብ ስደረድር እየሰማኸኝ ነው። አስተካክዬ እደረድራለሁ፤ ተምሬበታለሁ።

ከቅዳሴ መልስ ደወልሁ። ጥሩወርቅ ድምፁ ደክሟል አለች፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አኖረችለት። ትንፋሹ ይሰማኛል።

"ልሳኑ፣ እስኪ ያን አዋጅ በልልኝ።"

አሁን?

"አሁን። ከመግቢያው።"

ጀመርሁለት። ዓይኔ በልማዱ ተጨፈነ። ትንፋሹ እየሰከነ ሄደ። ስለ ከተማይቱ ምክር ቤት የሚናገረው አንቀጽ ዘንድ ስደርስ፣ ያ ቃል ሊገባበት ከነበረው ቦታ ስደርስ፣ ቆምሁ። ወደ ፊት መሄድ አልቻልሁም።

"ምነው? ረሳኸው እንዴ?" አለኝ። በድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። አዘነልኝ።

ያ ጊዜ ነበር። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ሊመጣ አይችልም ነበር።

ረሳሁት፣ አልሁ።

"አይዞህ። እርጅና ነው" አለኝ ቢሻው። አጽናናኝ።

ኅዳር ፲፯ ቀን፣ ማክሰኞ፤ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት

ቢሻው ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።

ጥሩወርቅ ደወለች። አላለቀሰችም፤ አልቅሳ ጨርሳለች። ቀብሩ ነገ ከቀኑ ፮ ሰዓት፣ እዚያው አማኑኤል። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ የሕይወት ታሪኩን እርስዎ ይጻፉልን፤ እርስዎም ያንብቡት። እርሱም ይህንኑ ነው ያለው፤ ልሳኑ ያንብብልኝ፣ ድምፁ ያምራል አለ" አለችኝ።

እሺ አልኋት።

ነገ ትምህርቱ አለ። ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

እዚያው ቀን፤ ከቀኑ ፲ ሰዓት

ስድስት ጊዜ ጻፍሁ፤ ስድስት ጊዜ ቀደድሁ።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ወግ አለው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ። ፊደል ቈጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። በዚህ በዚህ ሥራ አገራቸውን አገለገሉ። የአ.አ.ው ዘመን ላይ ስደርስ "በመንግሥት መ/ቤት ካገለገሉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመለሱ" ብዬ ጻፍሁ። የተስተካከለ ዐረፍተ ነገር ነው። ማንም አይጠይቅበትም። እርሱን ቀደድሁት።

ሐያትን ጠራኋት። ትምህርቱ ይቆይ ልላት ነበር። ነገሩን ስነግራት ግን በዚያ አላበቃሁም። ከቅዳሜው ንባብ ጀምሬ፣ ከታይፒስቶቹ ጭብጨባ ጀምሬ፣ እስከ እሑዱ ስልክ ሁሉንም ነገርኋት። ቆሜ ነው የነገርኋት። መቀመጥ አልሆነልኝም።

ሻርፗን አጠፈች፣ ዘረጋች። አልፈረደችብኝም፤ አላጽናናችኝምም። ለዚህ አመሰግናታለሁ።

በመጨረሻ፣ "አባባ፣ ለኔ መንገርዎ አይቆጠርም። እኔ ምን አጣሁ?" አለች። ቀጥላም፣ ልጅቱ ከሰዉ ጋር እኩል አትስማው፤ አስቀድመው ይንገሯት አለች። ልክ ናት። ሕግ ታስተምራለች፤ ሰውም ታውቃለች።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ነገ የሚያነቡት ከወረቀት ነው ወይስ በቃልዎ?

ቀና ብዬ አየኋት። ልትነካኝ ብላ አይደለም። ግን ገባኝ። ዓይኔን ከጨፈንሁ፣ አንደበቴ የሚወደውን ብቻ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ካህናቱ ቆመው፣ ያ መስመር ዘንድ ስደርስ እዘልለዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። እሑድ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ ጻፍሁ። አንዱን ለሐያት ሰጠኋት። ሥራውን አስተማርኋት፦ እኔ ሳነብ በጣትሽ ተከተዪ። ዓይንሽ ከመስመሩ አይነሣ። አንድ ቃል ብዘልል እጅሽን አንሺ፤ ባላይሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ሰው ምን ይለኛል አትበዪ።

"እኔ? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰው ለቅሶ ላይ፣ አባባን ላስቆም?"

አንቺ፣ አልኋት። ያ ጥፋት የተኛ ሰው ጥፋት አልነበረም፤ ለተማሪዎችሽም ይህን ንገሪያቸው።

እሺ አለች። ትምህርቱን ለሌላ ሳምንት አሸጋገረችው፤ ነጭ ነጠላ ከጎረቤት ልትዋስ ወጣች።

ኅዳር ፲፰ ቀን፣ ረቡዕ፤ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት፤ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ተንጋዷል፤ ይቅር በለኝ።

ቁርስ ሳልቀምስ ለጥሩወርቅ ደወልሁ። አላዘጋጀኋትም። ያን ክፍል እንዳለ አነበብሁላት፤ ከወረቀቱ ላይ። "አቶ ቢሻው፣ በአመሳካሪነት ሥራቸው ላይ ጥፋት ተገኘባቸው ተብሎ ከቦታቸው ተነሥተዋል። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። የጠፋውን ቃል በረቂቁ ላይ እያለ ያላነበብሁት፣ አነበብሁ ብዬም በሐሰት የፈረምሁት፣ አሁን በፊታችሁ ቆሜ የማነበው እኔ ልሳነወርቅ ነኝ። ያ ቃል፣ ማንኛውም ነዋሪ ቆሞ የመናገር መብት አለው የሚለው፣ የአቶ ቢሻው ቃል ነበር። እርሳቸው አልተኙም። ልጃቸውም በዚህ ምንም የለችበትም።"

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከበስተኋላዋ የለቀስተኞች ድምፅ ይሰማል። ሃሎ፣ ሃሎ አልሁ።

"አለሁ" አለች።

ክፉ ቃል እንድትናገረኝ ጠበቅሁ፤ ይገባኝ ነበር። ድምፁ ያምራል ያለው አባቷ ገና ከቤት አልወጣም። ሌላ አንባቢ መፈለግ እንደምትችል ነገርኋት፤ ወረቀቱን እልክልሻለሁ አልሁ።

"አይሆንም። እርስዎ ራስዎ ያንብቡት። እናቴም የተቀበረችው እዚያው ቅጥር ነው። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ እሷም ትስማ።"

ስልኩን ዘጋችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለማለት ጊዜ አልሰጠችኝም። ይቅርም አላለችኝም።

ሐያት አጠገቤ ተቀምጣለች። ነጠላው ሰፍቶባታል። ቅጂዋን አውጥታ፣ ጣቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመዳለች። በቃልሽ እንዳትይዢው አልኋት። ፈገግ አላለችም፤ ገብቷታል።

በሁለቱም ወረቀት ግርጌ ሁለት ሁለት ቦታ ክፍት ትቻለሁ። አንደኛው ላይ አነበብሁ፣ ሁለተኛው ላይ አመሳከርሁ። ማናችንም እስካሁን አልፈረምንም። ከንባቡ በፊት አይፈረምም።

ሚኒባሱ ሞላ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። ከዚህ እስከ አማኑኤል መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ። ደብተሬ፣ መነጽሬን ጠርጌ አድርጌአለሁ፤ ወረቀቱ በእጄ ነው፤ ዓይኔን ገልጬ አነባለሁ።